ናኖ ቅንጣት የተጨመረበት ቅባት ለከባድ ማሽነሪ ቤሪንግ፦ የትኛው ቦታ ላይ ይሠራል?

ሰናይ ከጥገና ክፍል

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ አባላት። የምሠራው በከባድ ማሽነሪ ጥገና ላይ ሲሆን በኃላፊነት የያዝኳቸው ኤክስካቫተሮች፣ ድንጋይ የሚፈጭ ክሬሸርና ረጅም ኮንቬየር የሚያንቀሳቅሱ ጊር ቦክሶች ናቸው። አንድ አቅራቢ በጠርሙስ የታሸገ ጥቁር ፈሳሽ አምጥቶ፣ በዘይትም ሆነ በግሪስ ውስጥ ቢጨመር የቤሪንግን ዕድሜ በእጅጉ እንደሚያራዝም አስረድቶናል። በወረቀቱ ላይ እንደሰፈረው በውስጡ ያለው የተንግስተን ዳይሰልፋይድ ናኖ ቅንጣት፣ ማለትም እጅግ ደቃቅ የሆነ የጠጣር ቅባት ዱቄት ነው። ማስረጃ ተብሎ የተያያዘው የአራት ብይ ፈተና ውጤት፣ እንዲሁም አዲቲቩ (ይኸው የሚጨመረው ፈሳሽ) ከመጨመሩ በፊትና ከተጨመረ በኋላ የተለካ የቤሪንግ ሙቀት ነው።

ከመወሰኔ በፊት ማወቅ የምፈልገው እነዚህ ቅንጣቶች ቤሪንግ ውስጥ በእርግጥ ምን እንደሚሠሩ፣ ከነባሩ ዘይት ጋር ያለ ጉዳት መስማማት አለመስማማታቸውን፣ ጥቅም ካላቸውም ጥቅሙ በምን እንደሚለካ ነው። በሥራው ያለፋችሁበት ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

ቤዛ

ሰላም ሰናይ። ስለ ቅንጣቱ ከመነጋገራችን በፊት በእያንዳንዱ ቤሪንግ ውስጥ የሚፈጠረው የዘይት ሽፋን ምን ያህል ውፍረት እንዳለው ማወቅ ይኖርብዎታል፤ መልሱ በአብዛኛው እዚያ ላይ ነው ያለው።

ሮለሩና ቀለበቱ የሚነካኩበት ቦታ እጅግ ጠባብ ስለሆነ ግፊቱ ከ1 እስከ 3 ጊጋ ፓስካል ሊደርስ ይችላል። በዚህ ግፊት ዘይቱ ለቅጽበት ጠጣር ለመሆን እስኪቃረብ ድረስ ይወፍራል፣ ብረቱም በጥቂቱ ይለመጣል፤ በመካከላቸው የሚቀረው ሽፋን ብዙውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 1 ማይክሮን ነው። የዚህን ሽፋን ውፍረት ለሁለቱ ገጾች ጥምር ሸካራነት ስናካፍል ላምዳ የሚባለውን ውድር እናገኛለን። ላምዳ ከ3 በላይ ሲሆን ብረት ከብረት አይነካካም፤ ከ1 በታች ሲወርድ ደግሞ የገጾቹ ጉብታዎች ይፋተጋሉ። ናኖ ቅንጣት ሥራ የሚያገኘው በዚህ በሁለተኛው ሁኔታ ላይ ነው። ሽፋኑ በቂ ሆኖ ሳለ 50 ናኖ ሜትር የሆነ ቅንጣት በዘይቱ ውስጥ ተንሳፍፎ ከማለፍ በቀር የሚያደርገው ነገር የለም።

ሽፋኑ አጥብቆ የሚመካው በዘይቱ ቪስኮሲቲ (አለመቅጠን) እና በቤሪንጉ ፍጥነት ላይ ነው፤ የሽፋኑን ውፍረት በሚያሰላው በሐምሮክና ዳውሰን ቀመር ሁለቱም ወደ 0.67 ኃይል ከፍ ብለው ይገባሉ። ጭነት በተቃራኒው ተጽዕኖው ትንሽ ነው፤ እጥፍ ቢሆን እንኳ ሽፋኑን የሚያሳንሰው በ5 በመቶ ገደማ ነው። በደቂቃ 1500 ዙር ሲሽከረከር የነበረ ቤሪንግ በዚያው ዘይትና ሙቀት በ10 ዙር ቢሽከረከር ግን ከቀድሞው ሽፋን የሚተርፈው 3.5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ይህንን ወደ እርስዎ ማሽኖች ስናመጣው፣ በኮንቬየሩ ኤሌክትሪክ ሞተር ውስጥ ያለው ቤሪንግ በአብዛኛው ሙሉ ሽፋን ስላለው አዲቲቩ አያስፈልገውም። የኤክስካቫተሩ ጎማ ላይ ሳይሆን ከላይኛው አካል ሥር ያለው ትልቁ የመዞሪያ ቤሪንግ በዝግታ፣ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ስለሚሠራ ሽፋኑ ሊገነባ አይችልም፤ ጠጣር ቅባት የሚጠቅመው እንደዚህ ባለ ቦታ ነው። ስለ ክሬሸሩ የምለው ሌላ ነው። እዚያ ቤሪንግን በብዛት የሚገድለው አቧራ ስለሆነ መጀመሪያ መታየት ያለበት ፓራኦሊዮው (ዘይት እንዳይወጣ፣ አቧራ እንዳይገባ የሚያግደው ማኅተም) ነው። በተጨማሪም በተሳሳተ የቪስኮሲቲ ደረጃ የሚሠራ ጊር ቦክስ ካለ፣ ከ220 ወደ 460 ደረጃ መሸጋገር ብቻውን ሽፋኑን በ64 በመቶ ገደማ ያሳድገዋል። ከዚህ በላይ የሚሰጥ ጠርሙስ አላየሁም።

ገብሬ መካኒክ

ኩሽኔታ (ቤሪንግ) እና ቡሽ ስፈታና ስገጥም ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በኤክስካቫተር ቡምና ባልዲ ፒኖች ላይ ከ3 እስከ 5 በመቶ ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ያለበት ግሪስ ሲጠጣ የኖረ ፒን ሲወጣ፣ ጭነት የሚያርፍበት ጎኑ ጠቆር ብሎ የለሰለሰ ሆኖ ይገኛል። ተራ ግሪስ የጠጣው በዚያው ጎን ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ይኖረዋል። ስለዚህ እህቴ ቤዛ ያለችው ከማየው ጋር ይገጥማል። ይሁንና ያ የምናውቀው ሞሊብዲነም ዱቄቱ ማይክሮን እንጂ ናኖ አይደለም። ማነሱ የሚያመጣው ለውጥ ምንድን ነው? ደግሞስ ይህ ጠርሙስ የግሪስ ባልዲ ውስጥ ተገልብጦ በእንጨት ቢማሰል ይቀላቀላልን?

ትዕግሥት፣ የኬሚስትሪ ባለሙያ

ጋሽ ገብሬ፣ ሁለቱም ጥያቄዎች መነሻቸው አንድ ነው።

ቅንጣቱ ማነሱ ሁለት ነገር ያስገኛል። አንደኛው፣ ሽፋኑ ከ100 ናኖ ሜትር በታች ወደሆነበት ጠባብ ቦታ ዘልቆ መግባት መቻሉ ነው፤ 5 ማይክሮን የሆነ ዱቄት ግን በመግቢያው ላይ ተገፍቶ ሊቀር ይችላል። ሁለተኛውና ለዘይት ይበልጥ የሚያስፈልገው፣ አለመዝቀጡ ነው። በስቶክስ ሕግ መሠረት የመዝቀጥ ፍጥነት ከዲያሜትሩ ስኩዌር ጋር ይጨምራል። የተንግስተን ዳይሰልፋይድ እፍግታ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 7.5 ግራም ገደማ ነው። ደረጃው 320 በሆነ የጊር ዘይት ውስጥ በ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳሰላው፣ 5 ማይክሮን የሆነ ቅንጣት በቀን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ሲወርድ 50 ናኖ ሜትር የሆነው ግን 3 ማይክሮን ያህል ብቻ ይወርዳል። ይህንን ያህል አዝጋሚ የሆነውን መውረድ ደግሞ የሞለኪውሎች ግጭት የሚፈጥረው የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ ያሸንፈዋል።

ችግሩ ናኖ ቅንጣት ብቻውን መኖር አለመውደዱ ነው። የገጹ ስፋት ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትልቅ ስለሆነ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተሳስበው ይጓጎላሉ፤ አንዴ ከተጓጎሉም የሚዘቅጡት እንደ ማይክሮን ዱቄት ነው። ይህ እንዳይሆን እያንዳንዱ ቅንጣት እንደ ኦሊይክ አሲድ ባለ ረጅም ጭራ ባለው ሞለኪውል መሸፈን ይኖርበታል። በመለያው ላይ የቅንጣቱ መጠን መጻፉ በቂ አይደለም፤ በዘይቱ ውስጥ ከወራት በኋላ ምን መጠን እንደሚኖረው ነው መጠየቅ ያለበት። በፊልትሮ ላይም ይኸው ነው። በ10 ማይክሮን ፊልትሮ ናኖ ቅንጣት ያለ ችግር ያልፋል፣ ጓጉሉ ግን እዚያው ይቀራል፤ ያኔ የከፈላችሁበት አዲቲቭ ያለው ቤሪንጉ ላይ ሳይሆን ፊልትሮው ውስጥ ነው።

በግሪስ ውስጥ መዝቀጥ እምብዛም አያሰጋም፤ ግሪሱን የሚያወፍረው የሳሙና መረብ ቅንጣቱን ይይዘዋል። ነገር ግን ግሪስ ፋብሪካ ውስጥ የሚቀላቀለው በወፍጮና በከፍተኛ ግፊት ነው። በእንጨት የተማሰለ ባልዲ አንዱ ማዕዘኑ ጥቁር፣ ሌላው ነጣ ያለ ሆኖ ይቀራል፤ የጠርሙሱ ተሸካሚ ዘይትም ግሪሱን ስለሚያቀጥነው ደረጃው ይወርዳል። ስለዚህ በግሪስ ላይ እጅ ባይጨመርበት እመክራለሁ።

ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር ልጨምር። ናኖ ቅንጣት በቅባት ውስጥ አዲስ እንግዳ አይደለም። በሞተር ዘይት ውስጥ አሲድ እንዲያከሽፍ የሚገባው ካልሲየም ሰልፎኔት በውስጡ ጥቂት ናኖ ሜትር የሚሆን የካልሲየም ካርቦኔት እምብርት አለው። የካልሲየም ሰልፎኔት ግሪስ በከባድ ጭነት ሥር የተመሰገነበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ካርቦኔት ነው። ያ እምብርት ሳይዘቅጥ የሚኖረው ዘይቱ ውስጥ ከነመሸፈኛው ስለተፈጠረ ነው። በደረቅ ዱቄት ተሠርቶ ኋላ ዘይት ውስጥ የሚበተን ቅንጣት ይህንን መረጋጋት የሚያገኘው በብዙ ድካም ነው።

ሰናይ ከጥገና ክፍል

እጅግ አመሰግናለሁ። የአራት ብይ ፈተናው በደቂቃ 1200 ዙር፣ በ75 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ በ40 ኪሎ ግራም ጭነት ለ1 ሰዓት የተሠራ ሲሆን አዲቲቩ ያለበት ዘይት ያሳየው የመበላት ጠባሳ ያነሰ ነው። ይህንን እንዴት ልረዳው?

ቤዛ

የጠቀሱት ሁኔታ ኤኤስቲኤም ዲ 4172 ከሚባለው መደበኛ ፈተና ጋር ይስማማል። ፈተናው ራሱ ጥሩ ነው፤ ከየትኛው ዘይት ጋር እንደተነጻጸረ ግን ይጠይቁ። አዲቲቭ የሌለው ንጹሕ መሠረተ ዘይት ከሆነ የተነጻጸረው፣ ማናቸውም ጥሩ የጊር ዘይት ያንኑ መሻሻል ሊያሳይ ይችላል። ማነጻጸሪያው እርስዎ አሁን የሚጠቀሙበት ዘይት ራሱ መሆን አለበት።

ሌላው፣ በዚያ ፈተና ላይ አንድ ብይ ታስረው በተቀመጡ ሦስት ብዮች ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይንከባለልም። የእርስዎ ቤሪንግ ደግሞ በአብዛኛው የሚንከባለል ሲሆን በመጨረሻ የሚጎዳው ተደጋግሞ በሚመጣ ጫና ምክንያት ከገጹ ሥር በሚጀምር ስንጥቅ፣ ወይም ቆሻሻ ተጨፍልቆ በሚተወው ጥርስ (ስርጉድ) ዙሪያ በሚነሳ መላላጥ ነው። ስለ እንዲህ ዓይነቱ ድካም የ1 ሰዓት የመንሸራተት ፈተና የሚነግረን እምብዛም ነው። ቅባቱ የተፈተነው በእውነተኛ ሮለር ቤሪንግ ላይ፣ ለምሳሌ በዲን 51819 መሠረት ኤፍኢ 8 በሚባለው መሣሪያ ከሆነ ወረቀቱ የበለጠ ክብደት ይኖረዋል።

የሙቀቱን ነገር በጥንቃቄ ይዩት። አዲስ ግሪስ የተሞላ ቤሪንግ ግሪሱን እያማሰለ በመጀመሪያ ይግላል፤ ትርፉ ወደ ጎን ተገፍቶ ሲወጣ ይቀዘቅዛል። በፊትና በኋላ የተለካው በዚህ መካከል ከሆነ ልዩነቱ የአዲቲቩ ላይሆን ይችላል።

የቤሪንግ ዕድሜ ስሌት መስፈርት የሆነው አይኤስኦ 281 በዚህ ጉዳይ ላይ ቁጥብ ነው። ካፓ፣ ማለትም ዘይቱ ያለው ቪስኮሲቲ ለሚያስፈልገው ሲካፈል፣ ከ1 በታች ከሆነና ውጤታማነቱ የተረጋገጠ የከፍተኛ ግፊት አዲቲቭ ካለ ካፓን 1 አድርጎ ማስላት ይፈቅዳል፤ ይህም ብክለቱ ከተወሰነ ደረጃ ካላለፈ ብቻ ሲሆን የዕድሜ ማሻሻያ ቁጥሩንም ከ3 እንዳያልፍ ይገድበዋል። አዲቲቭ የቪስኮሲቲን ጉድለት በከፊል ይሸፍን ይሆናል፣ የቆሻሻን ጉዳት ግን አይሽርም ማለት ነው።

ዮናስ

በውይይቱ ላይ የተባለውን አከብራለሁ፤ ሆኖም ነገሩ ወደ አንድ ጎን እንዳያዘነብል እሰጋለሁ። የተንግስተን ዳይሰልፋይድ ክብ ቅንጣት የገበያ ወሬ አይደለም። በቫይዝማን ተቋም የሬሼፍ ቴኔ ቡድን እንደ ሽንኩርት በንብርብር የተዘጉትን እነዚህን ቅንጣቶች እ.ኤ.አ. በ1992 ይፋ ያደረገ ሲሆን፣ ለጠጣር ቅባትነት እንደሚያገለግሉም በ1997 ታትሟል። ኋላ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥር ሲታዩ በመጀመሪያ ይንከባለላሉ፣ ግፊቱ ሲበረታ ይጨፈለቃሉ፣ ከዚያም የላይኛው ንብርብር እየተላጠ ብረቱ ላይ ይለጠፋል። በንብርብሮቹ መካከል ያለው ማሰሪያ ደካማ ስለሆነ የሚንሸራተተው ብረቱ ሳይሆን ንብርብሩ ነው። ለዝግተኛና ለተጨነቀ ቤሪንግ ከዚህ የተሻለ ባሕርይ ያለው ቁስ ማግኘት ቀላል አይደለም።

በመለማመጃ ጊዜም ጥቅም አለው። አዲስ የተገጠመ ጥርስና ቡሽ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው ብዙ የሚበላው፤ በዚያ ወቅት ጉብታው ቢለሰልስ ላምዳ ከፍ ስለሚል ጥቅሙ አዲቲቩ ካለቀ በኋላም ይቀጥላል። ስለዚህ ናኖ የሚለውን ሁሉ በጅምላ ከመግፋት፣ በዘይት አምራቹ ተቀላቅሎ የመጣውን በጠርሙስ ከሚጨመረው መለየት ይሻላል።

ትዕግሥት፣ የኬሚስትሪ ባለሙያ

ዮናስ ያሉትን ልዩነት ሙሉ በሙሉ እቀበለዋለሁ፤ ያነሱት ቁስም ከምመርጣቸው ውስጥ ነው። የእኔ ጥንቃቄ በሁለት ነገር ላይ ነው።

የጊር ዘይት ድኝና ፎስፎረስ ያለባቸው፣ በሙቀትና በግፊት ከብረቱ ጋር ተዋሕደው መከላከያ ሽፋን የሚሠሩ አዲቲቮች አስቀድመው አሉት። የናኖ ቅንጣቱ መሸፈኛ ሞለኪውልም ወደዚያው ብረት ነው የሚሳበው። ቦታ ሲሻሙ አንዱ ሌላውን ሊያስለቅቀው ስለሚችል፣ ብቻውን ጥሩ የሆነ ቅንጣት በተሟላ ዘይት ውስጥ ያለ ውጤት ሊቀር ወይም ነባሩን ጥበቃ ሊያዳክም ይችላል። መጠኑን መጨመር ደግሞ መፍትሔ አይሆንም። በብዙ ጥናቶች የተሻለው ውጤት የሚገኘው ከ1 በመቶ በታች ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ሲሄድ መጓጎሉ ስለሚበረታ መበላቱ ተመልሶ ይጨምራል።

ሁለተኛው የቅንጣቱ ዓይነት ነው። ናኖ የሚለው ቃል ስለ መጠን እንጂ ስለ ጥንካሬ አይናገርም። አሉሚና በሞስ መለኪያ 9 ላይ ያለ፣ ለመሞረጃ የሚያገለግል ቁስ ነው። ተለይቶ ሲበተን ገጽን ሊያለሰልስ ይችል ይሆናል፣ ተጓጉሎ ጥቂት ማይክሮን ሲሆን ግን በሮለሩ ሥር ተጨፍልቆ ቀለበቱ ላይ ጥርስ ይተዋል፤ መላላጥ የሚነሳው ከዚያ ጥርስ ከንፈር ነው። ስሙ ያልተገለጸ ናኖ ሴራሚክ የሚል መለያ ካያችሁ ምን እንደሆነ ሳታውቁ ቤሪንግ ውስጥ አታስገቡት።

ናሆም፣ የዘይት ናሙና ምርመራ

ሰናይ ለሦስተኛው ጥያቄዎ፣ ማለትም ለመለኪያው፣ የምሰጠው መልስ ትንሽ ይረዝማል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስለሚደናገር ነው።

ስፔክትሮሜትር በዘይት ውስጥ ያለውን ብረታ ብረት የሚያነበው ቅንጣቱ በጣም ደቃቅ ሲሆን ነው፤ ከ5 እስከ 8 ማይክሮን ካለፈ አብዛኛውን አያየውም። ናኖ ቅንጣትን ግን ሙሉ በሙሉ ያያል። ስለዚህ የመዳብ ናኖ ቅንጣት ያለበት አዲቲቭ ከጨመሩ፣ ከነሐስ ኬጅ (ሮለሮቹን አራርቆ ከሚይዘው ቅርጫት) መበላት የሚመጣውን መዳብ ከአዲቲቩ መለየት አይችሉም። ሲሊካ ከሆነ ደግሞ የአቧራ መግባት ምልክት የሆነው ሲሊከን ከመጀመሪያው ከፍ ብሎ ይቀመጥና፣ ፓራኦሊዮ ሲቀደድ የሚያስጠነቅቀን ነገር ይጠፋል። ለክሬሸር ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው።

የተንግስተን ዳይሰልፋይድ በዚህ በኩል የተሻለ ዕድል አለው። ተንግስተን ከተለመዱት የቤሪንግ ብረቶች መካከል ስላልሆነ፣ ላብራቶሪው እንዲለካው አስቀድሞ ከተጠየቀ፣ ለአዲቲቩ ራሱ መከታተያ ይሆናል። ከናሙና ወደ ናሙና ተንግስተኑ እየወረደ ከሄደ ቅንጣቱ ወይ ዘቅጧል ወይ ፊልትሮ ውስጥ ቀርቷል። የብረት መበላቱን ደግሞ በማግኔት በሚሠራው መለኪያ ይከታተሉ፤ ማግኔት የማይስበው ናኖ ቅንጣት ስለማያውከው።

በአይኤስኦ 4406 የንጽሕና ደረጃ የሚቆጠሩት ከ4፣ ከ6 እና ከ14 ማይክሮን በላይ የሆኑ ቅንጣቶች ናቸው። የተበተነ ናኖ እዚያ አይቆጠርም፣ የተጓጎለ ግን ይቆጠራል። ቁጥሩ አዲቲቩ ከገባ በኋላ ከፍ ካለ ሁለት ነገር ጠርጥሩ፦ መጓጎል፣ ወይም በጥቁር ዘይት ምክንያት የብርሃን ቆጣሪው መሳሳት። ልዩነቱ የሚታወቀው ናሙናውን በስስ ማጥለያ አሳልፎ፣ የቀረውን በማይክሮስኮፕ በማየት ነው።

ገብሬ መካኒክ

ከቤሪንጉ ባሻገር ሌላ ነገር እንዳይረሳ። ወደ ላይ በሚወጣ ኮንቬየር ጊር ቦክስ ውስጥ ቀበቶው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዝ ባክስቶፕ አለ፤ አንዳንዱ የሚቀባው በዚያው በጊር ዘይት ነው። ባክስቶፕ የሚይዘው በሰበቃ ስለሆነ፣ አንሸራታች ጠጣር አዲቲቭ ያለበት ዘይት ገብቶበት ቢለቅ የተጫነው ቀበቶ በሙሉ ሰው ላይ ይመለሳል። ዘይት ውስጥ የሚሠራ ፍሬን ያለው የሎደር አክስልም እንደዚያው ነው። ሰናይ፣ እነዚህ ባሉበት ቦታ አምራቹ በጽሑፍ ሳይፈቅድ ጠርሙሱ እንዳይከፈት።

ሰናይ ከጥገና ክፍል

የጋሽ ገብሬ ማሳሰቢያ ብቻውን ጥያቄውን ማንሳቴን ክሶታል፤ የእኛ ኮንቬየር ባክስቶፕ በጊር ዘይቱ የሚቀባ ስለሆነ ጊር ቦክሶቹን ከዝርዝሩ አውጥቻቸዋለሁ። ለክሬሸሩ የፓራኦሊዮ ፍተሻና የግሪስ መሙያ ጊዜውን ማሳጠር አስቀድሜያለሁ።

ለኤክስካቫተሩ የመዞሪያ ቤሪንግ በጠርሙስ ከመጨመር ይልቅ በአምራቹ የተቀላቀለ፣ ተንግስተን ወይም ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ያለበት ግሪስ አስመጥቼ፣ ተመሳሳይ ሥራ ከሚሠሩ ሁለት ማሽኖች በአንዱ ብቻ ልሞክረው አስቤአለሁ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ነባሩ ግሪስ ሊቲየም ሲሆን አዲሱ ካልሲየም ሰልፎኔት ቢሆን በላዩ ላይ መሙላት ይቻላል?

ትዕግሥት፣ የኬሚስትሪ ባለሙያ

የሁለቱን ሳሙናዎች መስማማት በስም ብቻ መወሰን አይቻልም፤ አንዳንዱ ጥምረት ይስማማል፣ አንዳንዱ ይቀጥናል ወይም ይጠጥራል። ሁለቱን ግሪሶች እኩል በእኩል፣ እንዲሁም 10 ለ90 እና 90 ለ10 ቀላቅሎ የሚፈትን ላብራቶሪ ካገኙ ያስፈትኑ። ካላገኙ ቤሪንጉን በዝግታ እያዞሩ በሁሉም የግሪስ መሙያ ኒፕሎች አዲሱን ግሪስ ይግፉ፤ በከንፈሩ ዙሪያ የሚወጣው የቀድሞው ቀለም ጠፍቶ በሙሉ የአዲሱ እስኪሆን ድረስ አያቁሙ።

ናሆም፣ የዘይት ናሙና ምርመራ

ከዚያ በፊት ግን ከሁለቱም ማሽኖች የነባሩን ግሪስ ናሙና ከየቤሪንጉ ሁለት ተቃራኒ ቦታዎች ይውሰዱ፣ የቀለበቱንም ጨዋታ በመለኪያ ሰዓት ለክተው ከማሽኑ የሥራ ሰዓት ጋር ይመዝግቡት። ካልተከፈተው የአዲሱ ግሪስ ባልዲም አንድ ናሙና ለላብራቶሪው ይላኩ፤ ተንግስተኑም ሆነ ሞሊብዲነሙ ከስንት እንደሚጀምር የሚነግረን እርሱ ነው። ቀጣዮቹን ናሙናዎች ከዚያው ቦታ፣ ማሽኑ ሠርቶ ሳይቀዘቅዝ፣ አዲስ ግሪስ ከመሞላቱ በፊት ይውሰዱ።